ጥቁሩን ተዉልን

"ማዘር፣ ጥቁሩንስ ላብራልዎት?"

ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ በሄድኩ ቁጥር የምሰማት ጥያቄ ይህች ናት። መልሴም አይለወጥም። "አይ የኔ ልጅ፣ እሱን ተወው፣ በውሃ ብቻ አለቅልቀው" እለዋለሁ። እሺ ይላል። ከዚያ ወይ ስልክ ይደወልልኛል፣ ወይ የሻይ ሂሳብ ልከፍል ዞር እላለሁ። ስመለስ የፊቱ ፓራውልት ከዳር እስከ ዳር ቅቤ እንደ ጠጣ ፀጉር እያብለጨለጨ ይጠብቀኛል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ "እንደ አዲስ አደረግኩልዎት" ይለኛል። ምን ልበለው? ሰኞ ማታ ያ ቅባት የመንገዱን አቧራ ሁሉ ጠጥቶ ቡናማ ይሆናል። ሐሙስ አንድ ካፊያ ካገኘው ደግሞ መስመር መስመር እየሠራ በነጩ ቀለም ላይ ይወርዳል። ቅዳሜ ተመልሼ እዚያው ወረፋ ላይ ነኝ።

ደከመኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደከመኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩም አውቃለሁ። ወረፋው ላይ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ የዚሁ ችግር ባለቤት ነው። የአንዱ ቪትዝ የበር ጠርዙ ነጥቷል። የአንዷ ኮሮላ የዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ሽፋን አመድ መስሏል። የሚኒባሱ ሹፌር የስፖኪዮው ሽፋን በፀሐይ ተፈርፍሮ እጁ ላይ ዱቄት እየቀረ ያሳየናል። ሁላችንም ከንፈራችንን እንመጥጣለን፣ ሁላችንም ተቀብተን እንወጣለን።

ነገሩ ስም እንኳ የለውም። ለሌላው የመኪና አካል ጣሊያን ትቶልን የሄደው ስም ሞልቷል፤ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬ፣ ፖርቶ መጋላ። ቀለም ያልተቀባውን ፕላስቲክ፣ የበሩን የጎን ጠርዝ፣ የመስኮቱን ጎማ፣ የጎማውን ቅስት ግን ጠቅልለን "ጥቁሩ" እንለዋለን። መለዋወጫ መሸጫ ሄዳችሁ "ጥቁሩን" ስትሉ ሻጩ "የትኛውን ጥቁር?" ይላችኋል፤ ወጥታችሁ በጣት ማሳየት ነው። ስም ስላጣ ይመስለኛል ባለሙያም ያጣው። ለሞተሩ መካኒክ አለ፣ ለቆርቆሮው ባትላሜራ አለ፣ ለቀለሙ ቀቢ አለ። ለጥቁሩ ያለው ጨርቅ የያዘ ልጅ ብቻ ነው።

የኔ መኪና የ98 ሞዴል ራቭ ፎር ናት። ቶዮታ ራቭ ፎርን በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ ሲያወጣት የድንጋይና የቁጥቋጦ ጭረት እንዳይጎዳት አስቦ ይመስለኛል፣ ከወገቧ በታች ፕላስቲክ አልብሷታል። የፊትና የኋላ ፓራውልት፣ የአራቱ ጎማ ቅስት፣ የበሮቹ የታችኛው ክፍል፣ ሁሉም ያልተቀባ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ሲነጣ የኔዋ እንደ ሌላው መኪና ጠርዝ ብቻ አይደለም የሚነጣባት፣ ግማሽ አካሏ ነው። ሞተሯ እንደ ሰዓት ይሠራል፣ ቀለሟ ደህና ነው፣ ከሩቅ ላያት ግን አመድ ላይ የተኛች ትመስላለች።

"ሽጠሽ ሌላ ግዢ" የሚለኝ ዘመድ አይጠፋም። በምን አቅሜ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለው ያው ያለው ነው። የተሰነጠቀ ጠርዝ ወይም የተነቀለ ቅስት ለመለወጥ ሶማሌ ተራ ወርደን ከተበተነ መኪና የተፈታ እንፈልጋለን፤ ስንት ሱቅ ዞረን የምናገኘውም የኛኑ ያህል የነጣ ነው። ዋጋውን ሰምተን ዝም ብለን እንመለሳለን። ያለንን ጠብቀን ከማቆየት ሌላ መንገድ የለንም፣ የሚያናድደኝም የሚጨርሱብን ጠባቂ ያልናቸው እጆች መሆናቸው ነው።

ፕላስቲኩ ለምን እንደሚነጣ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳላውቅ ነው ስንት ዓመት የደከምኩት። አብዛኛው የመኪና ጥቁር ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ነው፤ እንዳይሰበር ጎማ ቢጤ ተቀላቅሎበታል፣ እንዲጠቁር የተፈጨ ካርቦን ተጨምሮበታል። ጥቁረቱ ከውስጡ ነው እንጂ ላዩ ላይ የተቀባ ቀለም የለም። ፀሐይ፣ በተለይ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር፣ የላይኛውን ሽፋን እየበጣጠሰ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። የተሰነጣጠቀ ገጽ ደግሞ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ጥቁሩ ለኛ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ውሃ ሲፈስበት ለጊዜው የሚጠቁረው ለዚህ ነው፤ ውሃው ስንጥቁን ሞላው፣ ሲደርቅ ያው ተመለሰ። ዘይቱ፣ ቅባቱ፣ የጫማ ቀለሙ የሚሠሩት ሥራም ይኸው የውሃው ሥራ ነው። ጥቂት ቀን ዘግይተው ይለቃሉ፣ ያ ብቻ ነው ልዩነታቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ጨረሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ካለበት ቀን ጀምሮ ግን መኪናችን ከጠዋት እስከ ማታ እየተጠበሰች ነው። ጥላ ያለው ማቆሚያ የት አለና! ዛፍ ሥር ብናቆም የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ፣ ግንብ ሥር ብናቆም የግንባታ ሲሚንቶ። የሲሚንቶ ጠብታ ሻካራ ፕላስቲክ ላይ አንዴ ከደረቀ ደግሞ በጥፍር አይነሳም፣ በውሃ አይነሳም፤ ፈቅፍቀው ሲያነሱት ጭረቱን ትቶ ነው የሚሄደው።

እንዲህ የቆሰለ ገጽ ላይ ነው እንግዲህ ኦሞ የሚነሰነስበት። አንድ ባልዲ አለ። በዚያ ባልዲ ውስጥ አንድ ጨርቅ አለ። ጨርቁ መጀመሪያ ቸርኬውን ያጥባል፣ ከጭቃ መከላከያው ሥር ጭቃ ይዝቃል፣ ከዚያ ተነክሮ ተጨምቆ በሩን ይዳብሳል። ባልዲው ውስጥ እጄን ከትቼ አይቻለሁ፤ ታች የተቀመጠው አሸዋ ነው። ያ አሸዋ ነው ቀለሙ ላይ ሲዞር የሚውለው። ኦሞው ደግሞ ልብስ ላይ የዋለ ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነው፤ ለቀለሙ መጠበቂያ የተቀባውን ሰም ጠርጎ ያነሳል፣ በደንብ ሳይለቀለቅ ከደረቀ በፕላስቲኩ ሻካራ ጉድጓዶች ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ላርጎም ቢሆን ሳህን ላይ ነው ቦታው። "ሁለት ባልዲ ብታደርጉ፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለጨርቅ ማለቅለቂያ" ብዬ ስንቴ ለመንኩ። ውሃ የለም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በርሜል ሞልተው ነው የሚሠሩት። ይህን ስሰማ አፌን እዘጋለሁ፣ ንዴቴ ግን አይወጣልኝም።

ከዚያ ሽቦው አለላችሁ። የድስት ሽቦ! የፊት ፍርግርጉ ላይ ያለው ኒኬል ዝንጥ እንዲል ብለው በሽቦ ይፈትጉታል። በድሮ መኪኖች ኒኬሉ የሚለበጠው በብረት ላይ ነበር፣ ትንሽ ይችላል። ዛሬ አብዛኛው ኒኬል የምንለው ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ እጅግ ስስ ክሮም ነው። ሽቦ አንዴ ካለፈበት ደብዝዞ ይቀራል፣ ከዚያም እንደ ሽንኩርት ቆዳ እየተላጠ ይነሳል፤ የተላጠው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል። የጀርመን መኪና ያላቸው ወዳጆቼ ደግሞ ሌላ ቁጣ አላቸው። መስኮታቸውን ዞሮ የሚሄደው ብርማ ጌጥ በብዛት አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ነው፤ የቸርኬ ማጠቢያ አሲድ ወይም ኃይለኛ ሳሙና ሲነካው ወተት የፈሰሰበት የመሰለ ነጭ ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው በማጠብ አይሄድም፣ ሽፋኑ ራሱ ነው የተበላው። ይህን የሚያውቅ አጣቢ አላጋጠመኝም፤ የሚያውቅ የመኪና ባለቤትም ጥቂት ነው።

ስለ አሲዱ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። አንድ ቀን ወረፋ ላይ ሳለሁ አንድ ልጅ ቸርኬ ሊያነጣ ብሎ በረኪናና የመጸዳጃ ቤት ማጠቢያ አሲድ በአንድ ጣሳ ሲቀላቅል አየሁ። ደቂቃ አልሞላም፣ ዓይኑን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ያስለዋል፣ ያስለዋል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ። ውሃ አምጥተን ዓይኑን አጠብንለት፣ ወደ ንጹሕ አየር ወሰድነው። ጓንት የለው፣ ጫማው ተከፍቷል፣ ዕድሜው ከልጄ ያነሰ። ለቸርኬ ንጣት ብሎ! ወቀሳውን በማን ላይ ላድርግ? ማንም አልነገረው። እኛም "አሳምረህ እጠብ" ከማለት በቀር በምን እንደሚያጥብ ጠይቀን አናውቅም።

ነጭ ጋዙና ናፍጣውም እንዲሁ ነው። ከተማው ሁሉ መንገድ እየተሠራ ነው፣ ትኩስ አስፋልት ላይ ያለፈ መኪና የታችኛው ወገቡ በሬንጅ ነጠብጣብ ይሞላል። ሬንጁ በሳሙና አይለቅም፣ ስለዚህ ነጭ ጋዝ የነከረ ጨርቅ ይመጣል። ቀለም ላይ በስሱ ነክቶ ወዲያው በሳሙና ማጠብ አንድ ነገር ነው። እነሱ ግን በዚያው ጨርቅ የመስኮቱን ጎማም፣ የበሩን ጎማም ያሹታል። የበርና የመስኮት ጎማ የሚሠራበት ዓይነት ጎማ ከነዳጅና ከዘይት ጋር አይስማማም፤ ይጠጣዋል፣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ከቦታው ይወጣል። ክረምት ሲገባ በመስኮቱ ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብብን፣ ወለሉ ምንጣፍ ሥር ሻጋታ የሚሸተን፣ መነሻው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። እኔ የግራውን የኋላ በር ጎማ በዚህ አጥቻለሁ። ጎማውን ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ ጠፋ።

የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ። ከሞተር የወጣውን ጥቁር ዘይት በቆርቆሮ ያስቀምጡና ፓራውልቱን ይለቀልቁበታል፣ "ጥቁር በጥቁር ነው" ይላሉ። ያ ዘይት ከሞተር ውስጥ የብረት ብናኝና የቃጠሎ ውጤት ይዞ ነው የወጣው፤ ለረጅም ጊዜ ቆዳ ላይ ከዋለ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ውህዶች አሉበት። ልጁ ቀኑን ሙሉ በባዶ እጁ ነው የሚነክረው።

የጫማ ቀለሙን ታሪክ ደግሞ አልረሳውም። የመስቀል ዋዜማ ነበር። ደመራ ልንሄድ ስለሆነ ጠዋት መኪናዋን አሳጠብኩ። እንደ ልማዴ ተከራከርኩ፣ እንደ ልማዳቸው ቀቡብኝ። የዚያን ቀን ጥቁረቱ ከሌላው ቀን የበለጠ ቆንጆ ነበር፣ ድምቅ ያለ ጥቁር። ልቤ ትንሽ ጠርጥሮ ነበር፣ በዓል ነው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት ያቺ የመስከረም አጋማሽ ዝናብ ጣል ጣል አደረገች። እህቴ ነጭ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከመኪናው ስትወርድ የቀሚሷ ጫፍ የኋላውን ጎማ ቅስት ታከከ። አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር። የሸማኔ እጅ የወር ልፋት ላይ፣ ጥለቱ ድረስ። በውሃ ስንነካው ተስፋፋ። በኋላ ነው የጫማ ቀለም መሆኑን ያወቅነው፤ ሰምና ማቅለሚያ ነውና ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚነካውን ይጠብቃል። እህቴ ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ሸፈነችውና ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋለች። ቀሚሱ ዛሬም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ ለብሳው አታውቅም።

የጎረቤቴ መኪና ላይ የደረሰው ደግሞ የእሳቱ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ "በእሳት እንመልሰዋለን" አሉት። የጋዝ ችቦ አመጡና ፓራውልቱ ላይ ያንሸራሽሩት ጀመር። እኔም ቆሜ ነበር፣ ሲጠቁር በዓይኔ አየሁ፣ ግራጫው ከእሳቱ ፊት እየሸሸ የሚሄድ ነው የሚመስለው፤ እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ሙቀቱ የላይኛውን ሽፋን ቀለጥ ሲያደርገው ስንጥቁ ይዘጋል፣ ለዚያ ነው የሚጠቁረው። ፀሐይ የበላችውን ግን አይመልስም፣ ትንሽ ከቆየ ያው ይነጣል። ችቦውን የያዘው ልጅ መብራቱ አጠገብ ሲደርስ እጁን አንድ አፍታ አዘገየ። ጥጉ እንደ ሻማ ወረደ። ከፕላስቲኩ በላይ ያለው የፓራፋንጎ ቀለም ደግሞ ፊኛ አወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጎረቤቴ ግን የሚለቅመውም አጣ፣ ስቱኮና ቀለም፣ ባትላሜራና ቀቢ፣ ሁለት ሳምንት መኪና አልባ። ከነዳጅ ታንክ ብዙም በማይርቅ ቦታ እሳት ይዞ መንበርከኩን ደግሞ አስቡት።

እሺ፣ ባለሙያ ከሌለ ራሴ ልሥራው ብዬ መድኃኒቱን ፍለጋ ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ ጠርሙስ በጠርሙስ ነው። ሁሉም ላይ የሚያብለጨልጭ ጎማ ሥዕል አለ፣ ሁሉም "ኦርጅናል" ነው። ሁለት ዓይነት ነገር በአንድ መደርደሪያ ይሸጣል፣ ልዩነቱን የሚነግራችሁ የለም። አንደኛው የሲሊኮን ቅባት ነው፤ ሲቀቡት ያብረቀርቃል፣ አቧራ ይስባል፣ በጥቂት እጥበት ይሄዳል። ሁለተኛው ፕላስቲኩ ላይ ደርቆ የሚይዝ ሽፋን ነው፤ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በደንብ በጸዳ ገጽ ላይ ከተቀባ ለወራት ይቆያል። የሁለተኛውን ዋጋ ከፍዬ የመጀመሪያውን ይዤ የገባሁበት ጊዜ አለ። ክዳኑን ስከፍተው በሽታው ለየሁት፣ የላቫጆው ሽታ። መልሼ ብወስደው ሻጩ "ተከፍቷል" አለኝ። ሳልከፍተው በምን ልወቀው?

እንግዲህ ለማናደድ ያህል ልቆጥርላችሁ አልነበረም የተነሳሁት፣ ግን የሌባውን ነገር ትቼ ማለፍ አልችልም። ጥቁሩን አጽድተን፣ አስተካክለን፣ ማታ ደጅ አሳድረን ጠዋት ስፖኪዮው መስታወት የለውም፣ ወይ ዓርማው ተፈንቅሎ ተወስዷል። ለዚህ ብለን የስፖኪዮ መስታወታችን ላይ፣ የመብራታችን ላይ የታርጋ ቁጥር እናስቀርጻለን፣ የስፖኪዮውን ጠርዝ በብሎን እናስወጋለን። አዲስ ነገር ገዝቶ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ማቁሰል የሆነበት ዘመን! ያ የተወጋው ቀዳዳ ደግሞ ውሃ ያስገባል፣ ፕላስቲኩ ከዚያ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ይህንንም ለምደነው ምንም አይመስለንም።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙትም ከዚህ ያመለጡ እንዳይመስላቸው። የቶዮታዋን ቢዜድ ፎር ኤክስ እዩዋት፤ ብዙዎቹ የፊት ጎማ ቅስታቸው እስከ መብራቱ ድረስ የሚሄድ ሰፊ ያልተቀባ ጥቁር ነው። ቮልስዋገን አይዲ ፎርም ወገቡን ጥቁር ታጥቆ ነው የመጣው። ዛሬ ሐር ይመስላል። በአንደኛው ዓመት ላቫጆ ያው ጨርቅ፣ ያው ባልዲ ይጠብቀዋል። ሌላው ጎረቤቴ አንዷን ከገዛ ስድስት ወር ያልሞላው ሰው ነው፣ በቀደም "እዚህ ጋ ነጭ ነጭ ነገር ወጣብኝ" ብሎ አሳየኝ። ነጩ ነገር የቀለም ሰም ነው። ቀለሙን በሰም ሲወለውሉ ጨርቁ ሻካራው ፕላስቲክ ላይ ተንሸራቶ፣ ሰሙ በጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አስለቀቅንለት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ቀድሞ በነጭ ወረቀት ፕላስተር ጠርዙን ሸፍነውት ቢሆን ሁለት ደቂቃም አይፈጅም ነበር።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው ጊዜዬ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አስገብቼ ፕላስቲኩን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ትኩስ ከሆነ እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም ትኩስ ላይ ሳሙና ወዲያው ይደርቃል። አንድ ባልዲ የመኪና ሻምፖ፣ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ። መጀመሪያ አሸዋው በውሃ ብቻ እንዲወርድ አደርጋለሁ። የግፊት ውሃ ያለው ሰው አፉን ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ያርቀው፣ አለበለዚያ የጠርዙን ማጣበቂያ ይነቅለዋል። ከዚያ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው መሣሪያዬ። የራቭ ፎር ፕላስቲክ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ ጨርቅ ጫፍ ጫፉን ነው የሚነካው፣ ቆሻሻው ታች ነው የተኛው። ብሩሹን በክብ እያዞርኩ ስፈገፍግ አረፋው መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ የቡና አተላ ይመስላል። የስንት ቅዳሜ ቅባት ነው የሚወጣው። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪቀር እደጋግማለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ አደርቃለሁ። አንድ ቅስት ግማሽ ሰዓት ይበላል።

ከታጠበ በኋላ ፕላስቲኩ ከቀድሞውም ይብሳል፣ እውነተኛው ግራጫ ያን ጊዜ ነው የሚታየው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መድረቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ካለ የሚቀባው ሽፋን አይይዝም። ቀለሙን በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ፕላስቲኩን በትንሽ አልኮል ጠረግ አደርጋለሁ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሬ ነው ወደ ሌላው የማልፈው። በስፖንጅ፣ በስሱ፣ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ አንስቼ። ከዚያ እስከ ማግስቱ ውሃ አይነካውም። እንደ አዲስ አይሆንም፣ ማንም አይዋሻችሁ። ጸጥ ያለ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ይሆናል፣ እጅ አይለቅም፣ ቀሚስ አይነካም። በዝናብ ማግስት ሳየው እንደዚያው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ነው፣ ግቢና ውሃም ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ባልዲ ተሸክሞ ወርዶ ይህን ያደርጋል ልል አልችልም። ለላቫጆው ልጅም አልፈርድበትም፤ ክፍያው በመኪና ቁጥር ነው። ግማሽ ሰዓት አንድ ቅስት ላይ ከተንበረከከ ምሳውን አጣ ማለት ነው። ቶሎ የሚያብለጨልጭ ነገር ቀብቶ ጉርሻውን መቀበል ያስተማርነው እኛ ነን፤ ያበራልንን እንሸልማለን፣ ያጸዳልንን አናይም። እኔም ባላወቅኩበት ዘመን ለዚያ ቅባት ጉርሻ ሰጥቻለሁ፣ ደጋግሜ።

ያለፈው ቅዳሜ የጥርስ ብሩሼንና ትንሽ ጠርሙስ ሻምፖ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ለልጁ ሰጠሁት፣ እንዴት እንደሚዞር አሳየሁት፣ ለጊዜውም እጥፍ እንደምከፍለው ነገርኩት። መጀመሪያ ያፈረ መሰለ፣ ከዚያ ተንበረከከ። በሹፌሩ ወገን ካለው የፊት በር ጀመረ። ጥቁሩ አተላ ሲወርድ አይቶ ቀና አለና "ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር?" አለኝ። "የናንተ ቅባት ነው" አልኩት። ብሩሹን ጠጋ አድርጎ አየው፣ ሳይናገር ቀጠለ፣ የበሩን ጠርዝ ታች ድረስ ወረደ። እጁ ጎበዝ ነው፣ ጥጉን አልዘለለም።

ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ። አንድ ፒክአፕ፣ ከእሱ ኋላ ሁለት ሚኒባስ። አለቃው ከቢሮው በር ላይ ሆኖ "አንተ! ምን ትላለህ እዚያ?" ብሎ ጮኸ። ልጁ ብሩሹን አለቅልቆ፣ በሁለት እጁ መልሶ ሰጠኝ። ግማሹ በር ንጹሕ ነው፣ ግማሹ ያው ነው፣ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ማዘር፣ የቀረውንስ?" አለኝ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ እየነካ።